ያልተጻፈው አራት ዓመት

አክስቴ ለአራተኛ ጊዜ ክስ ልትከፍት የመጣች ቀን ሰልፉ ውስጥ ቆማ ከሩቅ አየኋት። ሌሎቹ ባለጉዳዮች ወረቀታቸውን ጠቅልለው ወይም አጣጥፈው ነው የሚይዙት፤ እሷ ግን እንደተተኮሰ ጨርቅ በሁለት መዳፏ ላይ ዘርግታዋለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የተጨማደደ ነገር አትወድም።

የምሠራው በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት፣ መስኮት ቁጥር ሦስት ነው። አዲስ ክስ ሲመጣ ገጾቹን እቆጥራለሁ፣ አባሪዎቹን አያለሁ፣ የከሳሽና የተከሳሽን ስም ኮምፒውተሩ ላይ አስገብቼ ከዚህ በፊት ተካሰው እንደሆነ እፈትሻለሁ። ተካሰው ከሆነ የድሮው መዝገብ ይወጣና ከአዲሱ ጋር ተያይዞ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ሥራው ከሰው ጋር ብዙ ማውራት አይጠይቅም። መሃል ላይ መስታወት አለ፤ ሰዉ ወረቀቱን በታችኛው ክፍተት ያስገባል፣ እኔ ማኅተም መትቼ እመልሳለሁ። ሕግ ተምሬ ጥብቅና ያልገባሁት ለምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ሲያጋጥመኝ መስታወቱን ባሳየው ደስ ይለኛል።

«እንደምን አደርሽ፣ የመንግሥት ሠራተኛ» አለችኝ ተራዋ ሲደርስ። የምንኖረው አንድ ቤት ነው፤ ጠዋት ሻይ አብረን ጠጥተናል። ስለ ክሱ ግን ትንፍሽ አላለችም ነበር።

«አክስቴ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ምን ይመስልሻል? የሠርግ ጥሪ ነዋ።»

ከኋላዋ የቆመው ሰውዬ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«የዘመድ ጉዳይ እኔ መቀበል አልችልም። መስኮት ሁለት ነው የምትሄጂው።»

«መስኮት ሁለት ሰልፉ ረጅም ነው። ደግሞ ያቺ ልጅ ትቆጣለች። አንቺ አቀብይልኝ።»

በክፍተቱ ገፋ አደረገችውና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች። ክሱ ከአጥሩ ውጭ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ የእጅ ሥራ ነበር፤ በየአንቀጹ መጨረሻ «የተከበረው ፍርድ ቤት እንደሚገነዘበው» ይላል። ምን እንደሚል ሳላነበው አውቀዋለሁ። ለመስኮት ሁለቷ ልጅ አቀበልኳት። እሷም ስሙን አየችና፣ እኔን አየችና ማኅተሙን መታች።

ነገሩ ስለ አንድ ክፍል ነው። አክስቴና ባሏ ይኖሩበት የነበረው ቤት የባሏ አባት ቤት ነው። ከፊት ለፊት፣ ወደ መንገድ የሚከፈተውን አንድ ክፍል ግን ሁለቱ ራሳቸው ጨምረው ሠሩት። ድንጋይ አብራ ተሸክማለች፤ የወለሉን ሲሚንቶ በጉልበቷ ተንበርክካ ያለሰለሰችው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አድርጋ ሃያ ሦስት ዓመት ሰፋችበት። ባሏ ልጅ ሳይወልድ፣ ኑዛዜም ሳይተው ሞተ። ሰዓት ሠሪው ወንድሙ ወራሽ እኔ ነኝ ብሎ ቤቱን ሲረከብ ክፍሉንም አብሮ ተረከበ። አክስቴ መኪናዋን አስጭና እኛ ቤት ገባች፤ ከዚያ «ክፍሉ የጋራችን ነበር» ብላ ከሰሰች።

ያንን የመጀመሪያ ክስ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነበርኩ። የማድረው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው፤ ቤት የምመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ። ጠበቃ ዘንድ ምን አስኬደን፣ ልጃችን እያለች፣ ተባለ። በአንዱ ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቼ፣ እሷ አጠገቤ ቁልፍ እየተከለች፣ «ክፍሉ መቼ ተሠራ?» ብዬ ጠየቅኳት።

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስንሠራው ገና አልተጋባንም ነበር። ከሠርጋችን በፊት አራት ዓመት እንዲሁ አብረን ኖረናል። ክፍሉን የሠራነው በሁለተኛው ዓመት ነው።»

እናቴ ከጓዳ ሆና ጉሮሮዋን ጠረገች። ፊቴ ጋለ። ያኔ የወንድ ስም ሲነሳ እንኳን አንገቴን የምደፋ ልጅ ነበርኩ፤ «እንዲሁ አብረን ኖረናል» የሚለውን በአክስቴ ስም፣ ዳኛ በሚያነበው ወረቀት ላይ፣ በእጄ መጻፍ አልሆነልኝም። ብዕሬ ትንሽ ቆመ። ከዚያ «ከሟች ባለቤቴ ጋር በትዳር ሳለን የሠራነው» ብዬ ጻፍኩ።

ሕጉ ግን እንደኔ አያፍርም ነበር። ሁለት ሰዎች ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከኖሩ፣ በዚያ ጊዜ ያፈሩት የጋራቸው ነው ይላል። ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ብጽፋት ኖሮ ክፍሉ ግማሹ የእሷ ነበር። አልጻፍኳትም። ግንበኛው ምስክር ሆኖ ቀርቦ «ከሠርጋቸው ሁለት ዓመት ቀደም ብዬ ነው የገነባሁት» አለ። ሰዓት ሠሪውም ተጠይቆ ይህንኑ ተናገረ። ዳኛው ክፍሉ ከጋብቻ በፊት የተሠራ የሟች የግል ንብረት ነው ብለው ለወንድሙ ፈረዱ። ይግባኝ አለች፤ ይግባኝ ሰሚው በሥር ፍርድ ቤት ያልተነሳ ነገር እዚህ አይነሳም ብሎ አጸናው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ከሰሰች። በእነዚህ ግን አራቱን ዓመት አስጽፋ፣ ጎረቤት ምስክር ቆጥራ። ሁለቱም ጊዜ ፍሬ ነገሩ ሳይሰማ ተዘጋባት። ፍርድ ቤት በሁለት ሰዎች መካከል ያለን አንድ ክርክር የሚሰማው አንዴ ነው። ያኔ የተነሳው በፍርድ ያልቃል፤ ያኔ መነሳት ሲችል ያልተነሳውም እንደተነሳና እንደወደቀ ይቆጠራል። ባይሆን ኖሮ የሰው ልጅ ሙግት ማለቂያ አይኖረውም ነበር። ተምሬዋለሁ፤ ትክክልም ይመስለኛል። የአክስቴ ስም ያለበትን መዝገብ ባየሁ ቁጥር ግን ትክክልነቱ አያጽናናኝም።

በዚያ ሳምንት የድሮ መዝገቦችን ከግምጃ ቤት የማውጣት ተራው የኔ ነበር። ግምጃ ቤቱን የሚጠብቁትን አዛውንት ሁላችንም ጋሽ አቧራ እንላቸዋለን፤ እሳቸውም ወደውታል።

«የማንን ፈልገሽ ነው?» አሉኝ። ቁጥሩን አሳየኋቸው። «ኧረ የአክስትሽን? የሷን እኮ በሩ ሥር ነው ያስቀመጥኩት። መሰላል መውጣት ሰልችቶኛል።»

«ይቅርታ ጋሽዬ።»

«ምን ይቅርታ አለው። ለአንድ ክፍል ሦስት መዝገብ። በዚህ ወረቀት ብቻ ሌላ ክፍል እሠራላት ነበር እኔ ብሆን።» ካርቶኑን እፍ ብለው ሰጡኝ። «ንገሪያት እስቲ። እኔን ትሰማለች ብለሽ ነው? ባለፈው መክሬያት፣ 'እርስዎ አቧራዎን ይጠብቁ' አለችኝ።»

መዝገብ ቤት ሦስት ዓመት ስሠራ እነዚያን መዝገቦች ከፍቼ አላውቅም። ያን ቀን ሁለተኛውን ከፈትኩት። ዳኛው የጠየቁትና እሷ የመለሰችው በታይፕ ተጽፎ ይገኛል። «ይህን ነገር በመጀመሪያው ክስ ለምን አላነሱም?» ሲሏት፣ «አፍሬ ነው። ያሳሳተኝ ሰው የለም፤ ጥፋቱ የራሴ ነው» ብላለች። ብይኑ ደግሞ በዚያችው ቃሏ ላይ ነው የቆመው፤ «ከሳሽ ፍሬ ነገሩን እያወቁ በራሳቸው ምርጫ ያላነሱት መሆኑን ስላመኑ» ይላል።

እኔን ከነገሩ ለማውጣት ብላ በሩን በራሷ ላይ ዘጋችው። ካርቶኑ ላይ ተቀምጬ ደጋግሜ አነበብኩት። እሷ ግን የማታውቀው ሌላ ነገር ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ሥነ ሥርዓት ሕግ ስንማር መምህራችን አንድ ቀን «ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ክስን አሻሽሎ ማቅረብ ይቻላል» አሉ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ በቀይ አሰመርኩበት። የአክስቴ መዝገብ ያኔ ለፍርድ ተቀጥሮ ሁለት ወር ቀርቶታል። ቅዳሜ እነግራታለሁ አልኩ። ቅዳሜ ስመጣ አንዲት ሙሽራ እየለካች አገኘኋት። በሚቀጥለው እናቴ አጠገባችን ነበረች። በሌላኛው ማንም አልነበረም፤ ሻይ ቀድታልኝ ስለ ትምህርቴ ጠየቀችኝ። ለመናገር «ያኔ ያልሽኝን ሆን ብዬ ዘልዬዋለሁ» ማለት ነበረብኝ። ስምንት ቅዳሜ አለፈ። ከዚያ ተፈረደ።

ሰዓት ሠሪው መጥሪያውን ሊወስድ በመጣ ጊዜ መስኮቴ ጋ ቆመ። አጉሊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ረስቶታል።

«ደህና ነሽ ልጄ? አክስትሽ ዘንድሮም አልረሳችኝም።»

«ጋሼ፣ ምን ላድርግ ብለው ነው።»

«ምንም አታድርጊ። እንዲያው አንድ ነገር ንገሪልኝ። መኪናዋን ታምጣና የድሮ ቦታዋ ላይ ታድርግ። እድሜ ልኳን ትስፋበት። እኔ ለአንዲት ጠረጴዛና ለሰዓቶቼ ጥጉ ይበቃኛል። ወረቀቱ ብቻ በስሜ እንዳለ ይሁን።»

«ባለፈውም ነግሬያት ነበር። 'በገዛ ቤቴ በሰው ፈቃድ?' ነው የምትለው።»

ራሱን ነቀነቀ። ሊሄድ ዞር ብሎ እንደገና ተመለሰ። «እኔ ለዳኛው አልዋሸሁም። ከሠርጉ በፊት ነው የተሠራው አልኩ፤ ልክ ነው። አብረው አልኖሩም ግን አላልኩም። አራት ዓመት ሙሉ ምሳዬን የበላሁት እሷ እጅ ላይ ነው፤ እንዴት እላለሁ? ማንም አልጠየቀኝማ።»

ማንም አልጠየቀውም። ይጠየቅ ዘንድ አብረው መኖራቸው ክሱ ላይ መጻፍ ነበረበት።

የቀጠሮው ቀን ፈቃድ ጠይቄ ችሎቱ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥኩ። ዳኛዋ አዲስ ናቸው፤ መዝገቦቹን አራቱንም አንብበው የመጡ ይመስላሉ፣ ምክንያቱም ገጽ ሳይገልጡ ነበር የሚናገሩት።

«ተከሳሽ፣ መቃወሚያ አለዎት?»

«ያው የድሮው ነው፣ ክብርት ዳኛ» አለ ሰዓት ሠሪው። «ካስፈለገ እንደ አዲስ ላንብበው።»

«አያስፈልግም። ከሳሽ፣ ይህ ጉዳይ በፍርድ ማለቁን ከአንዴም ሁለቴ ተነግሮዎታል።»

«ተነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን ተመለሱ?»

አክስቴ ወንበሩን በጣቷ ጫፍ ነክታ ቆማለች። «እስካሁን የነገሩኝ ስለ ወረቀቱ ነው። አብረን ኖረን ነበር ወይስ አልኖርንም የሚለውን የጠየቀኝ ዳኛ የለም። ኖራለች ይበሉ ወይም አልኖረችም ይበሉ። ክፍሉን ከፈለጉ ለእሱ ይስጡት።»

ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ያንን ለይቶ ለመወሰን ክርክሩን እንደገና መክፈት ይኖርብኛል። አልችልም» አሉ። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «የመጀመሪያውን ክስ ማን ነበር የጻፈልዎት?» ብለው ጠየቁ።

«ሰው።»

«ማን?»

«የሚጽፍ ሰው» አለች አክስቴ።

መነሳት ነበረብኝ። ብነሳ የሚለወጥ ነገር እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ የጸሐፊ ስህተት ያለቀን ፍርድ አይከፍትም። ቢሆንም ሰው እንደመሆኔ መነሳት ነበረብኝ። አልተነሳሁም። ብይኑ ተነበበ፤ ክሱ ቀድሞ በፍርድ ያለቀ በመሆኑ ተሰርዟል፣ ከሳሽ በዚሁ ጉዳይ ዳግመኛ ክስ ብታቀርብ መዝገብ ቤቱ እንዳይቀበል ታዟል፣ መዝገቡ ተዘግቷል፣ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።

መዝገብ ቤት ማለት እኔ ነኝ።

ኮሪደሩ ላይ ያለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጫማዋን አንዱን አውልቃ ጣቶቿን ታሻለች።

«መቆም አድክሞኝ ነው» አለች። «ዳኛዋ ልጅ ግን ደግ ናት። ዓይኗ ደግ ነው።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። «አክስቴ፣ ያኔ ክሱን ስጽፍ አራቱን ዓመት ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ምን?»

«አጠገብሽ ነበርኩ እኮ። ብዕርሽ ሲቆም አይቻለሁ። የጻፍሽውንም አንብበሽልኛል።» ጫማዋን መልሳ አጠለቀች። «እውነቱን ንገሪኝ ካልሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ዳኛ ፊት ያንን ሲያነቡብኝ እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ስታልፊው፣ ተመስገን ልጄ ገብቷታል አልኩ። የሁለታችን ጥፋት ነው። አንቺ ልጅ ነበርሽ፣ እኔ ልጅ አልነበርኩም።»

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዝም ይል ነበር። ለሰባት ዓመት የፈራሁት ነገር በሁለት ደቂቃ ተራግፎልኛል። ነገር ግን የሁለተኛው መዝገብ ቃሏ ዓይኔ ላይ ነበረ፤ ግማሹን ብቻ ተናግሬ ይቅር ብትለኝ ሌላ ስርቆት መስሎ ተሰማኝ።

«ሌላም አለ» አልኩ። የትምህርቱን፣ የደብተሩን፣ ሁለቱን ወር ነገርኳት። ክሱን ማሻሻል ይቻል እንደነበር፣ እንዳወቅኩ፣ እንዳልተናገርኩ።

አንድ ጠበቃ ስልክ እያወራ ከፊታችን አለፈ።

«በዚያን ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጪ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«ሻይ እቀዳልሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ብትነግሪኝ ኖሮ?»

«አንድ ገጽ ማመልከቻ ነበር የሚበቃው።»

«አንድ ገጽ» አለች። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገችና ተነሳች። ደረጃው ላይ ክንዷን ልይዝ እጄን ስዘረጋ፣ «ተይ፣ ይዤዋለሁ» ብላ የብረቱን መደገፊያ ያዘች።

ቤት ውስጥ ምንም አልተለወጠም ማለት ይቻላል። ጨው አቀብይኝ ትለኛለች፤ መብራቱን አጥፊው ትለኛለች። እናቴ ተጣልታችኋል እንዴ ብላ ጠይቃኝ፣ አልተጣላንም አልኳት፤ እውነቴን ነው። በሦስተኛው ሳምንት አክስቴ ጋሪ ጠርታ ልብሷንና መኪናዋን አስጫነች። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «በሰው ፈቃድ አልገባም ስትዪ አልነበር? ምን ነካሽ?» አለቻት።

«ብርሃኑ ይሻላል እዚያ» አለች አክስቴ። «ዓይኔ ደክሟል።»

ክፍሉን እንደዚያ አጥብቃ የፈለገችው በባለቤትነት እንጂ በችሮታ እንዳልነበረ እናቴም ታውቃለች። በሰዓት ሠሪው ፈቃድ መቀመጡ ከእኔ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ከመቀመጥ እንደቀለላት ግን እኔና እሷ ብቻ እናውቃለን።

አንድ ወር ያህል ሳልሄድ ቆየሁ። ከዚያ በአንዱ ቅዳሜ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው። እሷ መስኮቱ ሥር፣ ሰዓት ሠሪው ጥጉ ላይ፤ ሁለቱም አቀርቅረዋል። «ግቢ» አለችኝ፣ ወንበር ላይ የነበረ ጨርቅ አነሳችልኝ። ስለ እናቴ ጉልበት ጠየቀችኝ። ስለ ሥራዬ አልጠየቀችኝም።

«እንግዳ መጣሽ» አለ ሰዓት ሠሪው ለእሷ። «ቆሞ የቀረ ሰዓት ካለሽ አምጪ ልጄ፣ ለቤተሰብ ቶሎ እሠራለሁ። ለሌላው ሁለት ወር አስጠብቃለሁ።»

የአክስቴ እጅ በመኪናው መዘውር ላይ ለአፍታ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ። እሱ ምን እንዳለ አያውቅም።

አንዲት ደንበኛ ቀሚስ ለማስለካት መጣች፤ ለሰፈሩ አዲስ ናት። አክስቴ ሜትሩን ትከሻዋ ላይ ስትዘረጋ ሴትዮዋ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «ደስ የሚል ቤት ነው። ቆያችሁበት?» አለች።

«ቆየን» አለች አክስቴ። «ከባለቤቴ ጋር ነው የሠራነው። ገና ሳንጋባ፣ እንዲሁ አብረን ስንኖር።» ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፤ ከአፏ የወጣው የወገብ ልክ እንደምትናገር ነበር።

«አራት ዓመት ኖረዋል ሳይጋቡ» አለ ሰዓት ሠሪው፣ ዓይኑን ከአጉሊ መነጽሩ ሳያነሳ። «እኔ ምስክር ነኝ።»

ደንበኛዋ «እንዲያ ነው?» አለችና እጅጌው አጭር ይሁን ረጅም ጠየቀች። አክስቴ አጭር ይሻላል አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ሳትመለከት እጇን ዘረጋች፤ ጠመኔውን አቀበልኳት።